ሰባት ዓይነት እሺ

ሽንፋ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጆቼ እናት፣ ገንዳ ውሃ፣ በልጃችን በምስራቅ ቤት ላለሽው፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ሙቀት ሲያገኝ ይሻለው ነበር፤ ገንዳ ውሃ ደግሞ ሙቀት አላነሳትምና ሳይሻልሽ አልቀረም። ዓይንሽስ እንዴት ነው? ምስራቅ ደህና ናት? ልጆቿስ? ባሏ አሁንም ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ነው የሚያወራ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትፈልጊለት። ይኼን የምልሽ ዘንድሮ በዚህ ቀበሌ ሰው አንድ ቃል በተነፈሰ ቁጥር ትርጉም የሚፈልግ ሰው ስለተነሣብን ነው። እሱም አሁን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ይኼን ይጽፋል።

የሚጽፈው አስተማሪው እንዳልካቸው ነው። አዎ፣ ያው ራሱ። በሱ ጦስ ነው የሄድሽው፣ እሱ ይጻፍ ብዬ ነው። መጀመሪያ የቀበሌውን ጸሐፊ ይዤ ነበር፤ ገና ሲጀምር «ውድ ባለቤቴ ሆይ» ብሎ ጻፈና አነበበልኝ። እኔ በዕድሜዬ «ሆይ» ብዬሽ አላውቅም። ወረቀቱን ቀማሁት። ይኼ አስተማሪ ግን ያልኩትን እንዳልኩት ነው የሚጽፍ፤ ትምህርቱ እንደዚያ ነው። ክፋቱም እሱ ላይ ነው፣ «ይኼን አትጻፍ» ያልኩትንም ይጽፋል።

ምስራቅ፣ አንቺ ደግሞ ስታነቢላት እየዘለልሽ እንዳይሆን። እናትሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞርም ማንበብሽን አታቁሚ። ምጣድ ልጣድ፣ እህል ላስፈጭ ብትል ጠብቂያት። እኔ ይኼን ለማስጻፍ ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልኩንማ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ «ነይ እንግዲህ» አልኩሽ፣ «እሺ» ብለሽ ዘጋሽው። ግቢውን አስጠርጌ፣ እንስራውን አስሞልቼ ጠበቅሁሽ፤ ቀረሽ። ደግሜ ደወልኩና «ምነው አልመጣሽም?» ብልሽ «እሺ» ብለሽ ዘጋሽው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የገባኝ እንኳ አይደለም፣ ያስገቡኝ። እሱን ነው የምነግርሽ። አርባ ቀን አልፎሻል፤ ሰው ሞቶ ቢሆን ተዝካሩ ይወጣ ነበር።

አስተማሪው ነገር ከሥሩ ይጀምራል ይላል። የምታውቂውንም ቢሆን ስሚኝማ። (ይቺን «ስሚኝማ» አትጻፍ ብዬው ነበር።)

ጳጉሜ ሊገባ ሲል ይኼ ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ «አያ ስንሻው፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ዲስኩር ትንተና እያጠናሁ ነውና እርስዎ ይርዱኝ» ያለኝን ታስታውሻለሽ። ዲስኩር ሲለኝ እኔ የማውቀው ዲስኩር መሰለኝ፤ ካድሬ ሳጥን ላይ ወጥቶ የሚያወርደው። ሽንፋን ሁሉ ዞሮ ከኔ የተሻለ ተናጋሪ አጥቶ የመጣ መሰለኝና ደስ አለኝ። ምን እዋሽሻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስዘጋጅ ዋልኩ፤ ከበለሳ እንዴት እንደወረድን፣ ይኼ አገር ዱር ሳለ፣ በዚህ በኩል መጀመሪያ ሰሊጥ የዘራ ማን እንደሆነ። እኔ ነኝ የዘራሁት፣ ዋሴ የፈለገውን ይበል። ነጩን ጋቢዬን «እጠቢልኝ» ስልሽ «እሺ» አልሽኝ። ዛሬ ሳስበው እሷም እሺ ልክ አልነበረችም።

ከዚያ አስተማሪው ጣት የምታህል መቅጃውን መደቡ ላይ አስቀመጠ። እኔ ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ «የተከበራችሁ የሽንፋ ነዋሪዎች» ብዬ ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። አስተማሪው ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ምን ነበር? «ኧረ አያ ስንሻው፣ ይቀመጡ፤ እኔ የምፈልገው እንደወትሮው ከባለቤትዎ ጋር የሚጫወቱትን ነው» አለኝ። «ስለ ምን?» አልኩት። «ስለ ማንኛውም» አለኝ። «ስለ ማንኛውም ወሬማ ማን ይሰማል?» አልኩት። አንቺ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ትከሻሽ ይርገፈገፍ ነበር። እኔ ሳል የያዘሽ መስሎኝ ነበር።

ደግሞ ወረቀቱ። «መረጃ ሰጪዎች እዚህ ላይ ይፈርሙ» ሲል የደነገጥኩትን አትረሽም። እኔ በዚህ አገር ሦስት መንግሥት አሳልፌ፣ ለማንም ጆሮ ጠቢ ሳልሆን፣ በስተርጅና መረጃ ሰጪ ልባል? አስተማሪው ላብ በላብ ሆነ። ጥናት ውስጥ ቃሉ እንደዚያ ነው፣ ነውር የለበትም፣ የእርስዎ ስምም አይጻፍም፣ «መረጃ ሰጪ ሀ» ተብለው ነው የሚጻፉት አለኝ። አንቺ «ለ» ሆንሽ። እኔ ሀ መሆኔ ደስ አለኝና አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ።

እንግዲህ ጳጉሜን ሙሉ ያቺ መቅጃ መደቡ ላይ ስትውል ረሳናት። በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ስንበላ ነው የማድ ቤቱን ነገር ያነሣሁት። ዓሊ ከሱዳን፣ ከገላባት ትራክተሩን ሊያመጣልኝ፣ መኸሩን በእኩል ልናሠራው ተስማምተን ነበር። ትራክተር ደግሞ በዚህ ሐሩር ሜዳ ላይ አይቆምም። እና «ማድ ቤቱን አፍርሼ ለትራክተሩ ጥላ ላበጅለት ነው» አልኩሽ። «እሺ» አልሽ። እኔ በጆሮዬ ሰማሁ። መቅጃውም ሰማ። መስከረም ዘጠኝ ቅዳሜ አንቺ ገበያ ስትሄጂ ሁለት ሰዎች ይዤ ማድ ቤቱን ገፋሁት፤ እስክትመለሽ አልቆ ደስ እንዲልሽ። ደስ ይላታል ብዬ ነው፣ ይኼን ጻፍልኝ።

ገበያ ስትመለሽ ዘንቢልሽን ሳታወርጂ ፍርስራሹን አየሽ። ቆመሽ አየሽው። ከዚያ «እሺ» አልሽ። ያቺን እሺ ማንም አልቀዳትም። ዘንቢሉን ደጁ ላይ አስቀመጥሽ፣ ነጠላሽን አጣፋሽ፣ የገንዳ ውሃ ሚኒባስ ሰው እየጠራ ነበርና ገባሽበት። እኔ ሽመል እየቆጠርኩ ነበር። ዕቃ ረስታ ገበያ የተመለሰች መስሎኝ ነበር።

ትራክተሩ እስከ ዛሬ አልመጣም።

እንግዲህ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ነው አሁን የምነግርሽ። ሰዉ ሁሉ እኔን ይመለከት ጀመር። እመት ታንጉ ውሃ ስትቀዳ ሰላምታዋን አሳጠረችብኝ። ምሳና እራቴን ኩብራ ሻይ ቤት ፉል እየበላሁ ነው፤ አርባ ቀን ፉል የበላ ሰው ምን እንደሚሆን አልነግርሽም፣ አስተማሪው ይጽፈዋል። በመጨረሻ «እንግዲያው በሽማግሌ ይታይ» አልኩ። በዳይ ሆኜ አይደለም። ማስረጃ ስላለኝ ነው። ተጠይቃ እሺ ብላለች፣ እሺታዋም ተቀድቷል። በዚህ አገር ከኔ በፊት ከሚስቱ ተጣልቶ የተቀዳ ማስረጃ ያቀረበ ወንድ ካለ ይነገረኝ።

አስተማሪው አሻፈረኝ አለ። ለጥናት የተቀዳ ለሙግት አይሆንም፣ ምስጢር ነው፣ የባለቤትዎም ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። «የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ» አልኩት። «ድምፁ ግን የሳቸው ነው» አለኝ። ድምፅም እንደ ማሳ ባለቤት እንዳለው ያን ጊዜ ነው የሰማሁ። እኔ ፊት ደወለልሽ። «ላሰማቸው ይፈቅዳሉ?» አለሽ። አንቺ «እሺ» አልሽ። እሱ ደግሞ «የትኛዋ እሺ ናት?» ብሎ ጠየቀሽ። ሳቅሽ። በስልኩ ውስጥ እስከ እኔ ድረስ ተሰማኝ፤ እንዲያ ስትስቂ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ። «አሰማቸው ልጄ፣ እሱም ይስማ» አልሽው። ከኔ ጋር ግን እሺ ብለሽ ነው የምትዘጊው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኩብራ ሻይ ቤት፣ ላሎው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ዋሴ በሽማግሌነት፣ እመት ታንጉ ባንቺ በኩል፣ እኔ በራሴ በኩል። ኩብራ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማለች። አንድ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሳሉግም አጠገባችን ፉሉን ይበላል። እኔ እግሬን አጣጥፌ፣ ነጩን ጋቢ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ማስረጃ ያለው ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቂዋለሽ።

አስተማሪው መቅጃውን ነካ አደረገው። የኔ ድምፅ መጣ። ጥሩ ድምፅ አለኝ፣ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ስለ ትራክተሩ ተናገርኩ፣ ስለ ፀሐዩ ተናገርኩ፣ ስለ ማድ ቤቱ ተናገርኩ። ከዚያ ያንቺ «እሺ» መጣች። እጄን ዘርግቼ «ይኸው» አልኩ።

ዋሴ ከዘራውን መሬቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር። እመት ታንጉ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ኩብራ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና «ያ ረቢ፣ ይቺ ሴት ያኔ ነው የሄደችው» አለች። «የሄደችውማ መስከረም ቅዳሜ ነው፤ ይኼ የጳጉሜ ማክሰኞ ነው» አልኳት። «እሱን እኮ ነው የምልዎ» አለችኝ።

ሳሉጉ ጉርሻውን ዋጠና «አባየ፣ ይችማ እንቢ ናት» አለ።

«ማን ጠየቀህ? ታውቃታለህ?» አልኩት።

«እሳቸውን አላውቅም፣ እሷን ግን አውቃታለሁ» አለኝ። «ምሽቴ እንዲህ ያለችኝ ቀን ነው ወደዚህ የወረድሁት።»

ሳቁ። ዋሴ ራሱ፣ ሽማግሌ ተብሎ የተቀመጠው፣ ሳቀ። «ድገመው» አልኩት አስተማሪውን። ደገመው። ሁለተኛ ስሰማው ይበልጡን እሺ መሰለኝ። «ታዲያ እኔ ብቻ ነኝ ወይ እሺ የሰማሁት?» ስላቸው፣ ዋሴ ምን አለኝ መሰለሽ፣ «አንተ እኮ ቃሉን ነው የሰማኸው» አለኝ። ከዚህ በላይ ሽምግልና አልነበረም። ፍርድ የለ፣ ካሳ የለ፤ ሻይ ጠጥተን ተነሣን።

እኔ ግን አልተውኩም። አስተማሪውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኩት። «ወረቀትህን አምጣ፣ እኔ ላይ ምን እንደጻፍህ አሳየኝ» አልኩት። አመጣ። ይኼ ሰው የአምስት ቀን ወሬያችንን እስከ ሳላችን ጽፎታል። ዶሮ የገባችበትን ጽፏል። ዝም ያልንበትን ሳይቀር በሰከንድ ቆጥሮ ጽፏል፤ ዝምታ ለሚቆጥር ሰው መንግሥት ደመወዝ እንደሚከፍል ታውቂ ነበር? ገጹን እየገለጠ ያነብልኝ ጀመር።

«ከባለቤትዎ ሰባት ዓይነት እሺ አግኝቻለሁ» አለኝ።

«ዲግሪ የሚሰጡህ ለዚህ ነው?» አልኩት።

«በከፊል» አለኝ።

አንደኛዋ፣ ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ ስበሽ የምትያት፣ እውነተኛዋ እሺ ናት አለ። በአምስት ቀን ሁለት ጊዜ ብለሻታል፤ አንዱን እመት ታንጉ ጨው ስትለምንሽ፣ አንዱን አስተማሪው ራሱ ውሃ ሲጠይቅሽ። «ለኔስ?» አልኩት። ገጽ መግለጥ ጀመረ። ብዙ ገለጠ። ተወው አልኩት። ሁለት ጊዜ አከታትለሽ «እሺ እሺ» ስትይ «ተወኝ» ማለት ነው። እየተነሣሽ የምትያት ደግሞ «አንተ ተናገር፣ እኔ ሥራ አለኝ» ነው። አለች ደግሞ በጥርስ የምትባል፤ ያልተቀዳችው የጋቢውም እሷ ትመስለኛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ደረሰ። ሰባተኛዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተገኘችው፣ የማድ ቤቷ ናት። «እሷስ ትርጉሟ ምንድን ነው?» ብለው «ገና አላገኘሁላትም» አለኝ። ያን ያህል ተምሮ።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ስሚኝማ» የምትል ቃል በአምስት ቀን መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ብያለሁ አለ። እሱን ይቁጠር ግድ የለኝም። ግን ቀጠለና «የንግግር ተራ ነጥቀዋል» አለኝ። ደሜ ፈላ። ወፍጮ ቤት እንኳ ቀኑን ሙሉ ተሰልፌ የሰው ተራ ነጥቄ የማላውቅ ሰውዬ! ንግግርም ተራ አለው ወይ? አለው አለኝ። አንዱ ይናገራል፣ ይጨርሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ባለቤትዎ አርባ አንድ ጊዜ ጀምረው ዘጠኝ ጊዜ ጨርሰዋል አለኝ። «መቅጃው ወደኔ ስለቀረበ ነው» አልኩት። «መቅጃውን እሳቸው አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት» አለኝ።

በዚህ አላቆመም። «አያ ስንሻው፣ ሌላም አለ። ባለቤትዎ ያን ቀን እሺ ያሉት ‹ማድ ቤቱን ላፍርሰው› ላሉት አይደለም» አለኝና አነበበልኝ። እኔ ማድ ቤቱን ላፍርሰው ነው አልኩ። አንቺ አንድ ነገር ጀመርሽ። እኔ «ስሚኝማ» አልኩ። አንቺ «እሺ» አልሽ። እሺ ያልሽው ለ«ስሚኝማ» ነው። ለማድ ቤቱማ መልስ አልሰጠሽም፤ ወረቀቱ ላይ የለም። ደጋግሜ አስፈለግሁት፣ የለም። አንቺ «እሰማለሁ» ስትይ እኔ ግድግዳ ገፋሁ።

ያን ዕለት አስተማሪውን ሳልሸኘው ቀረሁ። ብቻዬን ሆኜ እሺ እሺ እያልኩ ሞከርኩ። የኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። በማግስቱ «የኔስ እሺ ስንት ዓይነት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እርስዎ በአምስቱ ቀን አንድም አላሉም» አለኝ።

በዚያ ሰሞን ዓሊ ከገላባት መጣ። ኩብራ ዘንድ አገኘሁትና «ያ ትራክተር ምን ሆነ?» አልኩት። «ቡክራ» አለኝ፣ ነገ ማለቱ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ቡክራ ነው። አስተማሪው አጠገቤ ነበርና ፈገግ ሲል አየሁት። «ዓሊ፣ ቡክራህ ነገ ማለት አይደለም አይደል?» አልኩት። «ያ ዓም፣ ቡክራ እኮ እንደናንተ እሺ ናት» አለኝ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እንግዲያው አይመጣም በለኛ» አልኩት። «ላ ላ፣ ይመጣል» አለ። «መቼ?» «ቡክራ።» እኔ የዓሊን ቡክራ ከሐምሌ ጀምሮ እያወቅሁት ዝም ብዬዋለሁ። የሰው አገር ሰው ቋንቋ ገብቶኝ ያንቺ አልገባኝም። ይኼን ስነግረው አስተማሪው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። አሁንም እየጻፈው ነው።

ይኼ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ነው የያዘኝ። ወረቀቱ ላይ የማድ ቤቱን ነገር ባነሣሁ ጊዜ ሁሉ አንቺ የምትጀምሪው አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው «እዚያ እኮ» ብለሽ ቀረሽ። በሁለተኛው «እዚያ ማድ ቤት ውስጥ እኮ» ብለሽ ቀረሽ። በሦስተኛው «እዚያ እኮ የልጁ» አልሽ። ከዚያ ሰረዝ ናት። «ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት?» አልኩት አስተማሪውን። «እርስዎ የገቡበት ናት» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አትጻፍ አልኩት፤ እስክርቢቶውን ከወረቀቱ አላነሣም።

ያን ቅዳሜ ማድ ቤቱን ስንገፋ ከጣሪያው ሥር፣ ከምሥራቁ ጥግ፣ አንዲት ጨርቅ የተቋጠረች ወደቀች። ሠራተኞቹ እንዳይረግጧት አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት። ዘር ወይም መድኃኒት መስላኝ ነበር፣ አንቺ የምትቋጥሪው ነገር ብዙ ነውና። ከዚያ አንቺ ሄድሽ፣ እኔም ረሳኋት። ሰረዟን ካሳየኝ በኋላ ኮቴን ፈልጌ አወጣኋትና ፈታኋት። ማተብ ናት። ጥቁር ክር፣ ቀለሙ ሄዷል። አጭር ናት፤ የኔን የእጅ አንጓ እንኳ አትዞርም።

የዚያን ጊዜ ያ ማድ ቤት ማድ ቤት አልነበረም። ቤታችን እሱ ነበር። ከበለሳ ወርደን፣ በመጀመሪያው ክረምት፣ ወባው ልጁን ሲወስድብን፣ ሌላ ጣሪያ አልነበረንም። ትልቁን ቤት ስሠራ «ያችኛዋን ማድ ቤት አድርጊያት» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ያኔም «እሺ» ብለሽኛል፤ የትኛዋ እንደነበረች ግን አልተቀዳችም። እኔ ነገሩ የቀረ መስሎኝ ነበር። እኔ ስላላነሣሁት አንቺም ያላነሣሽው መስሎኝ። ሠላሳ ዓመት አንቺ እዚያ እየገባሽ እየወጣሽ፣ እኔ ወጥ ዘገየ እያልኩ ከውጭ እጣራለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ያየሁት ጭሱን ብቻ ነው።

አስተማሪው እዚህ ላይ ዝም ያልኩትን አልቆጠረም። አይቼዋለሁ።

በል ይብቃ። ወደ ሌላው ልሂድ። ሰው አያ ስንሻው በየቀኑ መናኸሪያ ይቀመጣል ብሎ ነግሮሽ ከሆነ ሐሰት ነው። የምቀመጠው ጥላ ስላለው ነው። የገንዳ ውሃ ሚኒባስ ሲገባ የምነሣውም እግሬ ስለሚደነዝዝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ የረዳቱ ስም ምንይችል መሆኑን የማውቀውም በአጋጣሚ ነው።

እመት ታንጉ ሰላም ብላሻለች። ኩብራም «በእኔ ስም ሳሚልኝ» ብላለች፣ እኔ ግን እንዴት አድርጌ በወረቀት እስምሻለሁ፣ ምስራቅ ትሳምሽ። ጉልበትሽን እግዜር ያጽናልሽ። ዓይንሽን ያብራው። የልጆቻችንንና የልጅ ልጆቻችንን ዕድሜ ያርዝመው። በበላሽው ጥገቢበት፣ በረገጥሽው ጤና ይከተልሽ። ለምስራቅ ባልም ጤና ይስጠው፤ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ ይናገር።

ማድ ቤቱን መልሼ ሠራሁት። ሽመሉን ራሴ ነኝ የቆረጥኩት፣ ሰምበሌጡን ዋሴ ከወንዙ ማዶ አምጥቶልኛል፣ ምርጉን በሰው እጅ አላስነካሁም። ከበፊቱ ይሰፋል፤ ለትራክተር ብዬ አይደለም። ያቺን ቋጠሮ በምሥራቁ ጥግ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በነበረችበት መልሼ ነው የመጨረሻውን ግድግዳ ያቆምኩት። አሁን የሚያልፍ ሰው ሁሉ እየቆመ ይስቅብኛል፣ በር የለውምና። ዙሪያውን ግድግዳ ነው። ዋሴ «አንተ ሰው ጃጀህ? በሩን ረሳኸው» አለኝ። አልረሳሁትም። በወንዙ በኩል ይሁን፣ በመንገዱ በኩል ይሁን፣ ወይም ካንቺ በቀር ማንም አይግባበት ይባል፣ ባለቤቱ ትናገር ብዬ ነው። ዋሴ መጋዙን ስሎ ተቀምጧል። ነይና ከጀመርሽው ጀምረሽ እስከ መጨረሻው ንገሪኝ፤ የበሩን ብቻ አይደለም። አልገባብሽም። ስትጨርሺ እሺ እላለሁ፤ እየተለማመድኩ ነው።

የልጆችሽ አባት

(የአውራ ጣቴ አሻራ ይኸው)